ከኤክስተርናል ሳጥን ወጥቶ ዴስክቶፕ ውስጥ የገባ ባለ 8 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

የምገመግመው ባለ 8 ቴራባይቱን ደብሊውዲ ኤለመንትስ ዴስክቶፕ ነው፤ የዌስተርን ዲጂታል (ደብሊውዲ) ኩባንያ ከውጭ በዩኤስቢ የሚሰካ ኤክስተርናል ዲስክ ነው። ሳጥኑ ተፈልቅቆ፣ ባለ 3.5 ኢንቹ ዲስክ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቶ ለወራት እየሠራ ነው። ፍርዱን ላስቀድም፦ ዲስኩ ሳጥን ውስጥ ከነበረበት ጊዜ ይልቅ አሁን ቀዝቀዝ ብሎና ሳይቆራረጥ ይሠራል። ሰው የሚፈራው መፈልቀቁን ነው፤ እሱ የሩብ ሰዓት ሥራ ነው። የሚያስቸግሩት ከዚያ በኋላ የሚመጡት የኃይል ፒኑና የፎርማቱ ጉዳይ ናቸው።

ለመሆኑ ለምን ይፈለቀቃል? ሳጥን፣ ቦርድ፣ አዳፕተርና ኬብል የተጨመረበት ኤክስተርናል ብዙ ጊዜ ከባዶው የውስጥ ዲስክ ይረክሳል። ነገሩ አዲስ አይደለም። በ2011 እ.ኤ.አ. የታይላንድ ጎርፍ የዲስክ ፋብሪካዎችን ሲያጥለቀልቅ የውስጥ ዲስክ ዋጋ ሰማይ ነካ፤ ባክብሌዝ የተባለው የአሜሪካ የዳታ ማከማቻ ኩባንያ ያን ጊዜ ከኮስትኮና ከቤስት ባይ ሱቆች ኤክስተርናል እየለቀመ፣ እየፈለቀቀ ሰርቨሮቹን ሞልቷል። የዋጋው ልዩነት የሚታየው ግን ከ8 ቴራባይት ጀምሮ ነው። ከ4 ቴራባይት በታች ላለ ዲስክ ሳጥን መስበር ትርፉ ድካም ነው።

ውስጡ ምን አለ?

ከዚህ ሳጥን የሚወጡት ነጭ መለያ ወረቀት የተለጠፈባቸው ዲስኮች ናቸው። በ8 ቴራባይቱ ውስጥ በብዛት የሚገኙት ደብሊውዲ80ኢኤምኤዜድና ደብሊውዲ80ኢዲኤዜድ ናቸው። ሁለቱም ሲኤምአር ናቸው፤ ማለትም የሚጻፍባቸው መስመሮች ጎን ለጎን እንጂ አንዱ በአንዱ ላይ ተደርበው አይደሉም። በወረቀት ላይ «5400 ክላስ» ቢባሉም አንዳንዶቹ በተግባር በደቂቃ 7200 ጊዜ ይሽከረከራሉ፤ ድምፃቸውና ሙቀታቸውም ያንን ይመስላል።

በሌላው አምራች በሲጌት በኩል ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከባለ 8 ቴራባይቱ ኤክስፓንሽን ዴስክቶፕ በተደጋጋሚ የሚወጣው ኤስቲ8000ዲኤም004 ኤስኤምአር ነው። በኤስኤምአር ዲስክ የዳታው መስመሮች እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ጫፍና ጫፋቸው ይደራረባል፤ መሃል ያለውን ለመቀየር በላዩ የተደረበውንም አንስቶ እንደገና መጻፍ ግድ ይሆናል። ጥቂት ፋይል ሲገለበጥ ምንም አይታወቅም። ለጊዜያዊ ጽሑፍ የተመደበው ቦታ ሲሞላ ግን ፍጥነቱ ከ150 ሜጋባይት በላይ ከነበረበት ወደ 30 እና ከዚያም በታች ይወርዳል። የተቀረጸ ቪዲዮ ለማስቀመጥ ይበቃል፤ ዊንዶውስ ሊጫንበት ወይም ሬይድ (ብዙ ዲስክ እንደ አንድ የሚሠራበት አደራደር) ውስጥ ሊገባ ግን አይገባም። ደብሊውዲም ከ2 እስከ 6 ቴራባይት ያሉ አንዳንድ «ሬድ» ዲስኮቹ ኤስኤምአር መሆናቸውን ያመነው በሚያዝያ 2020 እ.ኤ.አ. ስለሆነ፣ በስም ከመተማመን የሞዴል ቁጥሩን ማየት ይሻላል። ሳጥኑ ሳይከፈት በዩኤስቢ እንደተሰካ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የተባለው ፕሮግራም የሞዴል ቁጥሩን ያሳያል።

ከመክፈት በፊት

መጀመሪያ ዲስኩ በሳጥኑ እንዳለ ይፈተን። ዲስኩ ስለ ራሱ ጤና በሚመዘግበው የስማርት ዝርዝር ላይ ቁጥር 5፣ 197 እና 198 ዜሮ መሆን አለባቸው፤ እነዚህ የተበላሹና የተጠረጠሩ ሴክተሮችን (ዳታው የሚቀመጥባቸውን ትንንሽ ክፍሎች) ይቆጥራሉ። ቁጥር 9 ዲስኩ የሠራባቸው ሰዓታት ናቸው። «አዲስ» ተብሎ የተሸጠ ዲስክ እዚያ ላይ በሺዎች የሚቆጠር ሰዓት ካሳየ፣ ያገለገለ ዲስክ አዲስ ሳጥን ውስጥ ተከቶ ነው የተሸጠው። ቀጥሎ ሙሉ ገጹን ከዳር እስከ ዳር የሚያነበው ረጅሙ የስማርት ፈተና ይሂድ፤ ለ8 ቴራባይት ከ12 እስከ 16 ሰዓት ይፈጃል። ከተቻለ ሙሉ በሙሉ ጽፎ መልሶ ማንበብ የተሻለ ነው። በመካከል መብራት እንዳይሄድ ዩፒኤስ ላይ መሰካት ነው። በፈተናው ጊዜ ሳጥኑ ፋን ስለሌለው 50 ዲግሪን ሊያልፍ ይችላል፤ አጠገቡ ትንሽ ማራገቢያ ማድረግ አይጎዳም።

ይህ ሁሉ የሚደረገው እክል ካለ ሳጥኑ ሳይነካ ለሻጩ ለመመለስ ነው። በርካሽ ዋጋ «16 ቴራባይት» ተብለው የሚሸጡ ትንንሽ ኤክስተርናሎችም የሚጋለጡት በዚሁ ነው፤ ብዙዎቹ ውስጣቸው አቅሙን እንዲዋሽ የተደረገ የሚሞሪ ካርድ ነው ያለው።

ዲስኩ ላይ ፋይል ካለ ወደ ሌላ ቦታ ይገልበጥ። ምክንያቱን ከታች እመለስበታለሁ፤ ግን ይህን ሳያደርግ የሚፈለቅቅ ሰው ያለቅሳል።

አከፋፈት

የሚያስፈልገው አራት ያረጁ የፕላስቲክ ካርዶች (የባንክ ወይም የሲም ካርድ ማቀፊያ ይሆናል) እና መካከለኛ የኮከብ ካቻቢቴ ነው። ቢላና ጠፍጣፋ ካቻቢቴ ፕላስቲኩን ይቦጫጭራሉ፣ ጥርሶቹንም ይሰብራሉ። ሳጥኑ ሁለት ክፍል ነው፦ የውጭ ሽፋንና በውስጡ የሚንሸራተት ክፈፍ። በዩኤስቢው በኩል ሁለቱ በሚገናኙበት መስመር ላይ ካርዶቹን አንድ በአንድ ማስገባት፣ ጥርሱ ሲለቅ ካርዱን እዚያው ትቶ ወደ ቀጣዩ ማለፍ ነው። አንዱን አውጥቶ ሌላውን መክፈት አይሠራም፤ የተለቀቀው ጥርስ ተመልሶ ይቆልፋል። አራቱም ሲለቁ ክፈፉ ተንሸራቶ ይወጣል።

ዲስኩ በአራት ጎማዎች ላይ ነው የተቀመጠው። ቀና አድርጎ ከክፈፉ ማንሳት፣ ጎማዎቹን ከነብሎኖቻቸው ማውጣት፣ ከዚያ ትንሿን ቦርድ የያዙትን ብሎኖች ፈትቶ ቦርዷን ከሳታው መሰኪያ (ዲስኩ ከኮምፒውተር ጋር ከሚገናኝበት) በቀጥታ መሳብ። ወደ ላይ ማጠፍ የለም፤ የሳታ መሰኪያው ፕላስቲክ ከተሰበረ ዲስኩ ሙሉ ጤነኛ ሆኖ የሚሰካበት ያጣል።

አይሽከረከርም፦ የሦስተኛው ፒን ጉዳይ

ዲስኩ ተሰክቶ ኮምፒውተሩ ሲበራ ምንም ድምፅ የለም፣ ባዮስም አያየውም። ብዙ ሰው «ስፈታው ገደልኩት» ብሎ ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። ዲስኩ ግን ጤነኛ ነው።

የሳታ ኃይል መሰኪያ 15 ፒኖች አሉት። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ድሮ 3.3 ቮልት እንዲያደርሱ የተመደቡ ናቸው፤ ባለ 3.5 ኢንች ዲስኮች ግን በአብዛኛው አይጠቀሙባቸውም ነበር። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው የሳታ 3.3 ደረጃ ሦስተኛውን ፒን ሌላ ሥራ ሰጠው፦ በዚያ ላይ ቮልት ሲመጣ ዲስኩ ይጠፋል። ለትላልቅ የዳታ ማዕከሎች መልስ መስጠት ያቆመ ዲስክን ከሩቅ አጥፍቶ ለማብራት ነው የተፈለገው። የቆየ ፓወር ሰፕላይ ይህን ስለማያውቅ 3.3 ቮልቱን ያለማቋረጥ ይልካል፤ ዲስኩም «ጥፋ» የሚል ትእዛዝ እንደደረሰው ቁጭ ይላል። አዳዲስ ፓወር ሰፕላዮች ላይ ችግሩ ላይኖር ይችላል፤ ሞክሮ ማየት ነው፣ ሙከራው ዲስኩን አይጎዳውም።

መፍትሔው ሦስት ዓይነት ነው፤ እኔ የምመርጠው ካፕተን ቴፕ ነው። ወርቃማ ቀለም ያለው፣ ሙቀት የሚችል፣ የሞባይል ጥገና ሱቆች የሚጠቀሙበት ቀጭን ቴፕ ነው። ፒን 1 ከዳታ መሰኪያው ጋር ጎረቤት በሆነው ጫፍ ያለው ነው፤ ቆጠራው ከዚያ ይጀምራል። አንዱን ሦስተኛ ፒን ብቻ መሸፈን እጅ ያንቀጠቅጣል፤ ከፒን ፒን ያለው ርቀት 1.27 ሚሊሜትር ብቻ ነውና። ስለዚህ ሦስቱንም አንድ ላይ መሸፈን ይቀላል፤ ዲስኩ አንዳቸውንም አይፈልግም። 3.5 ሚሊሜትር ገደማ ስፋት ያለው ቁራጭ በምላጭ ቆርጦ፣ በወረንጦ ይዞ፣ በፒኖቹ ላይ አጋድሞ ጫፉን በመሰኪያው አፍ ወደ ኋላ ማጠፍ። ጫፉ ካልታጠፈ ኬብሉ ሲገባ ቴፑን እየገፋ ይጨመድደዋል። አራተኛው ፒን መሬት ነው፣ ጥቂት ቢነካ ጉዳት የለውም፤ ከሰባተኛው እስከ ዘጠነኛው ያሉት ግን 5 ቮልት ናቸው፣ እዚያ መድረስ የለበትም። ተራውን ጥቁር ናስትሮ አልመክርም፦ ወፍራም ነው፣ ሲሞቅ ሙጫው ይቀልጥና ወደ ጎን ይሸሻል። ካፕተኑ ከወራት ሙቀት በኋላም እንደተለጠፈ አለ፤ የሚላቀቀው ኬብሉ ቶሎ ቶሎ ሲነቀል ነው።

ሁለተኛው ከሞሌክስ (ከድሮው ባለ አራት ፒን የኃይል መሰኪያ) ወደ ሳታ የሚቀይር ኬብል ነው። ሞሌክስ 12 ቮልት፣ 5 ቮልትና መሬት ብቻ ስላለው ነገሩ በዚያው ያበቃል። ግን ፕላስቲኩ ገመዶቹ ላይ ቀልጦ የተጋገረው ርካሽ ዓይነት ውስጥ ለውስጥ ተገናኝቶ እሳት በማስነሳት የታወቀ ነው። ገመዶቹ በየማስገቢያቸው ተጨምቀው የሚታዩበትን፣ የኋላ ክዳኑ የሚከፈተውን መርጦ መግዛት ይገባል። ሦስተኛው ከፓወር ሰፕላዩ ወደ ሳታው 3.3 ቮልቱን የሚያመጣውን ብርቱካናማ ገመድ መቁረጥ ነው። ይሠራል፣ ግን መመለሻ የለውም። ከሌላ ፓወር ሰፕላይ ኬብል መዋስ ደግሞ ፈጽሞ አይሞከርም፤ በፓወር ሰፕላዩ በኩል ያለው የፒን አደራደር ከብራንድ ብራንድ ስለሚለያይ 12 ቮልቱ በማይገባው ቦታ ገብቶ ዲስኩን ያቃጥላል።

ፋይሎቹ የት ሄዱ?

ዲስኩ ተነሳ፣ ዊንዶውስ ግን ባዶ ነው ይላል፤ «ኢኒሻላይዝ» ላድርግ ብሎም ይጠይቃል። አንዳንድ የዩኤስቢ ቦርዶች ሴክተሩን በ4096 ባይት ቆጥረው ለኮምፒውተሩ ያቀርባሉ፤ ይኸው ዲስክ በሳታ ሲሰካ በ512 ባይት ይቆጥራል። የፓርቲሽኑ አድራሻ በአንዱ ቁጥር ተጽፎ በሌላው ሲነበብ ስምንት እጥፍ ይሳሳታል። ፋይሉ አልጠፋም፤ ምንም ሳይነኩ ቦርዱን መልሶ መሰካትና መገልበጥ ነው።

የባሰው ማይ ቡክ በተባለው ሌላው የደብሊውዲ ኤክስተርናል ላይ ነው። በብዙዎቹ የማይ ቡክ ሞዴሎች ቦርዱ ራሱ ዳታውን እየመሰጠረ ይጽፋል፣ ባለቤቱ የይለፍ ቃል ባያስቀምጥም። ያለ ቦርዱ የሚነበብ ነገር የለም። ኤለመንትስ እንዲህ አያደርግም።

ዲስኩ ባዶ ከሆነ ጂፒቲ በተባለው የአከፋፈል ዓይነት እንደገና መከፋፈል ብቻ ነው። አሮጌው ዓይነት ኤምቢአር ከ2 ቴራባይት በላይ ያለውን አያይም፤ 8 ቴራባይት ገዝቶ 2 ቴራባይት ብቻ የሚያይ ሰው ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ እዚህ ነው።

በአገልግሎት ላይ

ትልቁ ለውጥ ሙቀቱ ነው። ፊት ለፊቱ ፋን ባለበት ኬዝ ውስጥ፣ ረጅም ፋይል እየተጻፈም ቢሆን ከ35 እስከ 40 ዲግሪ ውስጥ ይቆያል። ፍጥነቱ ግን አልጨመረም፤ ዩኤስቢ 3.0 ለአንድ ሃርድ ዲስክ ከበቂ በላይ ነውና። ባዶ ሳለ በሰከንድ ወደ 180 ሜጋባይት ይጽፋል፣ እየሞላ ወደ ውስጠኛው ክብ ሲገባ ወደ 100 ገደማ ይወርዳል። ሳጥን ውስጥ ሳለ የዩኤስቢ ኬብሉ በትንሽ ንክኪ እየለቀቀ ፋይል በመሃል ይቆረጥ ነበር፤ አሁን እሱ የለም። ቪዲዮ ለሚያቀናብር ሰው ይህ ብቻውን ይበቃል።

ድምፁን መልመድ ያስፈልጋል። ሥራ ባይኖረውም በየ5 ሰከንዱ ገደማ ቀስ ያለ «ጠቅ» ይላል፤ ይህ የጤና ድምፅ ነው። ኬዙ ቆርቆሮው ስስ ከሆነ ይንቀጠቀጣል፣ በብሎኖቹ ሥር የጎማ ማስቀመጫ ማድረግ ይቀንሰዋል። በትላልቅ ዲስኮች ላይ የታችኛው መሃለኛ የብሎን ቀዳዳ ቦታው ስለተቀየረ አንዳንድ ማቀፊያ በሁለት ብሎን ብቻ ይይዛል። ስማርት ላይ ቁጥር 199 ከጨመረ ጥፋቱ የሳታ ኬብሉ ነው፤ ቀይሮ ማየት።

ስለ ትንሹ ተንቀሳቃሽ

ባለ 2.5 ኢንቹን ላፕቶፕ ውስጥ ለመክተት የሚፈልቅቅ ብዙ ነው። የደብሊውዲ ማይ ፓስፖርትና ትንሹ ኤለመንትስ አይሆኑም፦ ዩኤስቢው የዲስኩ ቦርድ ላይ በቀጥታ የተበየደ ነው፣ ሳታ የለውም። የሲጌቶቹ ሳታ አላቸው፤ ክዳኑ በጥፍር ይለቃል። ግን ባለ 4 እና ባለ 5 ቴራባይቶቹ 15 ሚሊሜትር ውፍረት አላቸው፣ የላፕቶፕ ማስቀመጫ ደግሞ 7 ወይም 9.5 ነው። ባለ 2 ቴራባይቱ በ7 ሚሊሜትር ይገባል፤ ኤስኤምአር ስለሆነ ግን ዊንዶውስ ቢጫንበት ማሽኑ ይንቀራፈፋል። ዲቪዲ ማጫወቻ ላለው የቆየ ላፕቶፕ፣ ኤስኤስዲውን በዲስኩ ቦታ አስገብቶ ይህን በዲቪዲው ቦታ በሚገባ ማቀፊያ ማኖር ይቻላል፤ ማቀፊያው 9.5 እና 12.7 ሚሊሜትር ስላለ ለክቶ መግዛት ነው።

ዋስትናውን በተመለከተ፣ ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ በሻንጣ ለመጣ ዲስክ አዲስ አበባ ላይ ሆኖ ዋስትና ማስከበር ድሮውንም የማይታሰብ ስለሆነ፣ ሳጥኑን በመክፈት የሚቀርብን ነገር የለም። አሜሪካ ወይም አውሮፓ ላለ ሰው ግን ሳጥኑን፣ ቦርዱንና 12 ቮልት አዳፕተሩን ዋስትናው እስኪያልቅ ማስቀመጥ ይገባዋል። ሳጥኑ ላይ በእስክሪብቶ የዲስኩን ተከታታይ ቁጥር መጻፍ ነው፤ ከአንድ በላይ ከተፈለቀቀ የቱ ሳጥን የየትኛው ዲስክ እንደሆነ ከወራት በኋላ ማንም አያስታውስም።