የሕዝብ ሚኒባስ ወይስ የዕቃ ቫን? ለጎጃም መንገድ የትኛው ያዋጣል

ዕቁብ ወጥቶ፣ በሬ ተሸጦ፣ ከዘመድ ተበድሮ የሚገዛ መኪና ነው። ስለዚህ ደላላው ሊብሬውን ከማሳየቱ በፊት ሁለት ጥያቄ መልሱ። መኪናው ሲሄድ ምን ይጭናል? ሲመለስስ? ከደብረ ማርቆስ በቡሬ አድርጎ ባሕር ዳር 265 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህን ያህል መንገድ ባዶ የተመለሰ መኪና የሄደበትን ትርፍ በልቶ ይገባል።

የሕዝብ ሚኒባስ መመለሻ አያጣም። ደንበጫ ላይ አንዱ ይወርዳል፣ ፍኖተ ሰላም ላይ ሌላው ይሳፈራል። ግን በስምሪት ነው የምትሠሩት፤ መናኸሪያ ተራ ትጠብቃላችሁ፣ ታሪፉንም የምትወስኑት እናንተ አይደላችሁም። ናፍጣ ሲጨምር ታሪፉ እስኪስተካከል ልዩነቱ ከኪሳችሁ ይወጣል። ረዳቱም በየቀኑ ተከፋይ ነው።

የዕቃ ቫን ተራ አይጠብቅም፤ ደንበኛ ግን ይፈልጋል። መራዊን እንውሰድ። የቆጋ መስኖ ወደ 7,000 ሄክታር የሚያለማ ነው፤ ሽንኩርቱና ድንቹ ባሕር ዳር ገበያ ይገባል። መሄጃው ይኸው ተገኘ። መመለሻውን የሚሰጧችሁ ባለሱቆች ናቸው፤ ዘይት፣ ሳሙና፣ ስኳር የሚያስመጡ ሦስት አራት ነጋዴዎችን በስልክ ከያዛችሁ ቫኑ ሥራ አለው። እነሱን ሳትይዙ ቫን መግዛት አደገኛ ነው፤ መኪናው ቆሞ ዕዳው ይሄዳል።

ብዙ ሰው የማያሰላው ክብደቱን ነው። 12 ሰው በ70 ኪሎ ቢታሰብ 840 ኪሎ ይሆናል፤ ሻንጣና የማር ቆርቆሮ ሲጨመር ወደ አንድ ቶን ይጠጋል። አባዱላ የምንለው ሃይስ በዕቃ ቫንነቱ የሚችለውም አንድ ቶን አካባቢ፣ ማለትም 10 ኩንታል ነው። አቅማቸው ተቀራራቢ ነው ማለት ነው። ልዩነቱ፣ ሰው ወንበሩ ሲሞላ ይታያል፤ ጤፍ ግን 10 ኩንታል ገብቶም ቫኑ ውስጥ ሰፊ ቦታ ይተርፋል። ያ ባዶ ቦታ ነው ሰውን የሚያሳስተው። 15 ኩንታል ጭኖ ከደጀን ወደ ዓባይ የሚወርድ ሾፌር ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ይጠብቀዋል፤ ፍሬኑ ግሎ ሽታው ጋቢና ድረስ ሲመጣ ጊዜው አልፏል። ከአዲስ ቅዳም ከሰል የምትጭኑ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ክብደቱ ሳይሞላ ቦታው ያልቃል፣ ስለዚህ ረጅሙንና ጣራው ከፍ ያለውን ፈልጉ። ሽንኩርትና ድንች በዝግ ቫን ማሳደርም አይሆንም፤ አየር ካላገኘ ያልበዋል፣ ይበሰብሳል። ከሾፌሩ ጀርባ የብረት መከለያ የሌለውን ቫን አትግዙ፤ ፍሬን ሲያዝ ከረጢቱ ወደ ፊት ነው የሚመጣው።

የሞተሩ ምርጫ ለሁለቱም አንድ ነው። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ተርቦ (አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋው መሣሪያ) የሌለው፣ ፋይቭ ኤል የሚባለው የሃይስ ናፍጣ ሞተር እዚያ አቅሙ በደንብ ይቀንሳል፤ ቢሆንም ማንኛውም ጋራዥ ይፈታዋል። ተርቦ ያለው ዳገት ይወጣል፣ ቆሻሻ ናፍጣ ግን አይወድም።

አሁን በጣም ወደሚያሳስበኝ ልምጣ፤ ከዕቃ ወደ ሕዝብ የተቀየረ መኪና። ዋጋው ይቀንሳል፣ መስኮቱና ወንበሩም አዲስ ይመስላል። ታናሽ ወንድሜ እንዲህ ያለውን ገዝቶ ነበር። በሦስተኛው ወር ደንበጫ አካባቢ ድንገት ፍሬን ሲይዝ የኋላው ወንበር ሦስት ሰው እንደያዘ ከወለሉ ተነቅሎ ወደ ፊት ሄደ፤ አንዲት እናት ጉልበታቸውን ተጎዱ። ምንጣፉን ስናነሣ ብሎኑ ላሜራውን እንደ ወረቀት ቀዶ ወጥቷል፤ ከሥር የሚይዘው ወፍራም ብረት አልነበረም። ያን ቀን ያየሁትን ቀዳዳ አልረሳውም። ሰው የሚሳፈርበት ወንበር በላሜራ ላይ ብቻ መታሰር የለበትም። ሊብሬው ላይም የመኪናው ዓይነት ጭነት ተብሎ ተጽፎ ሰው የሚጭን ከሆነ፣ ቦሎ ላይም ኢንሹራንስ ላይም ጣጣው የእናንተ ነው።

እንግዲህ እኔን ብትጠይቁኝ፣ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ መንገድ በየጊዜው በሚዘጋበት ሁኔታ፣ የራሱ ንግድ ወይም የታወቀ ደንበኛ ላለው ሰው የዕቃ ቫን እመርጣለሁ፤ መንገድ ሲዘጋ በከተማው ውስጥ ከመጋዘን ወደ ሱቅ ያመላልሳል። የአገር አቋራጭ ሚኒባስ ግን መናኸሪያው ከተዘጋ ይቆማል። ንግድ ለሌለው፣ ራሱ ለሚነዳና ቢቸና ወይም ሞጣ መስመር ላይ ለሚኖር ሰው ግን የሕዝቡ ይሻላል፤ ያውም ከፋብሪካው ለሰው ተብሎ የተሠራው።

ልታዩ ስትሄዱ ካርቶን ያዙ። መሬት ላይ አንጥፋችሁ በጀርባችሁ ከሥር ግቡና በስልክ መብራት የወንበሩን ብሎኖች አንድ በአንድ እዩ። ሻጩ «ምን ታያለህ?» ካለ ሁለት ጊዜ እዩ።