ደብረ ብርሃን ላይ ያገኘነው የልብ ሐኪም

አባቴን ድንገተኛ የልብ ሕመም ከጣላቸው በሦስተኛው ሳምንት ደረታቸውን እንደገና ወጋቸው። ከመንዝ ደብረ ብርሃን እስክንደርስ «ያው ተመልሶ መጣ» እያልኩ ስንቀጠቀጥ ነበር። ሐኪሙ ግን ረጋ ብሎ፣ «አባባ፣ ሲጋደሙ ይብስብዎታል?» አላቸው። አባቴ ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ በከዘራቸው ላይ ወደ ፊት ሲደገፉ ብቻ ቀለል እንደሚላቸው ነገሩት። ሐኪሙ በማዳመጫው የልብ ሽፋን ሲፋተግ ሰማ፤ የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግበውን ምርመራ፣ ኢሲጂም አስነሳ። ከልብ ጉዳት በኋላ የሰውነት መከላከያ በሽፋኑ ላይ ሲነሣ የሚመጣ ብግነት መሆኑን፣ ዶክተር ድሬስለር የተባለ የልብ ሐኪም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1956 የገለጸው መሆኑን አስረዳን። አስፕሪንና ኮልቺሲን የተባለ የብግነት ማስታገሻ አዘዘ። እንዲህ የሚያስረዳ ሐኪም ስንት ጊዜ ተመኝቻለሁ! ቅሬታዬ አንድ ነው፦ በደብረ ብርሃን ብርድ የልብ ሕመምተኛን በረንዳ ላይ ወረፋ ማስጠበቅ ግፍ ነው።