ቶምና ጄሪ፦ ብሉሬይ ወይስ 16 ሚሊ ሜትር ፊልም?

የድሮዎቹን ቶምና ጄሪ ሰብስቦ ማስቀመጥ ለሚያምረው፣ ቀላሉ ብሉሬይ (ጥራት ያለው የቪዲዮ ዲስክ) ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው ስብስብ ከ1940 ጀምሮ የተሠሩትን የመጀመሪያዎቹን 37 ካርቱኖች ይዟል። ምስሉ ጥርት ያለ ነው። ቶም ጭራው ወጥመድ ሲይዘው የሚያሰማው ያ ጩኸት (የራሱ የዳይሬክተሩ የዊልያም ሃና ድምፅ ነው) ቁልጭ ብሎ ይሰማል።

16 ሚሊ ሜትሩ፣ ማለትም በፕሮጀክተር የሚታየው የድሮው ጥቅል ፊልም፣ ግን ጣጣው ብዙ ነው። ለሰባት ደቂቃ ሳቅ 77 ሜትር ገደማ ፊልም ይፈጃል፤ ድምፁም የታፈነ ነው። ከመግዛትዎ በፊት ቆርቆሮውን ከፍተው ያሽትቱ፤ አቼቶ አቼቶ ካለ ፊልሙ መበስበስ ጀምሯልና ይለፉት። ቀለሙንም ይዩ። ኢስትማንከለር በሚባለው የቀለም ፊልም የታተመው ከጊዜ ብዛት ሰማያዊው ይጠፋና ግራጫው ቶም ሮዝ ድመት ሆኖ ቁጭ ይላል። ቴክኒከለር በሚባለው ሌላ የቀለም ኅትመት ዘዴ የተሠራው ቅጂ ግን ቀለሙ እንደ ማኅተም የታተመበት ስለሆነ ዛሬም አልደበዘዘም፤ ሰብሳቢ የሚሻማውም እሱን ነው።

ለልጆች ማሳያ ከሆነ ብሉሬዩ ይበቃል፣ ክርክር የለውም። እኔን ግን አንድ ንጹሕ የቴክኒከለር ጥቅል ካገኘሁ ዋጋ አያከራክረኝም፤ ፕሮጀክተሩ ሲንኮሻኮሽ ቶም ግድግዳው ላይ ሲላተም ማየት ሌላ ነገር ነው።