የካንዴላ ጥርስ ሲበላ፦ ኪት ገዝቶ ቤት መሞከር ወይስ ቶርኖ ቤት መሄድ?

«የካንዴላዬ ጥርስ ተበላ፤ መርካቶ ኪቱ አለ አሉኝ፤ ልግዛው?» ሰለቸኝ ማለት ነውር እንዳይሆንብኝ እንጂ ይህ ጥያቄ ሰልችቶኛል። የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ከ2016 ወዲህ ደግሞ ባሰ። ሰው ያለችውን ቪትዝና ኮሮላ እያስታመመ ለመኖር ቆርጧል። ስለዚህ አንዴ ልጻፈውና ለሚደውለው ሁሉ ይህንኑ እልካለሁ። ለማያውቅ፦ ካንዴላ ሞተሩ ውስጥ ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው ዕቃ ነው፤ ተበላ የሚባለውም እሱ የሚታሰርበት ቀዳዳ የብሎን ጥርስ ነው፤ ኪቱ ያንን መጠገኛ ነው።

መልሴን ከወዲሁ ልናገር። ወደ ቶርኖ ቤት፣ ብረት በማሽን ወደሚላጥበት ሱቅ፣ ሂዱ። ኪት ግዙ የምልበት አንድ ሁኔታ አለ፤ እሱ ግን ካንዴላ ላይ አይደለም፣ ወደ ታች እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ብሩ። ኪት የሚገዛ ሰው ሁሉ የሚገዛው በብር ምክንያት ነውና። መርካቶ ለባለ 14 ሚሊሜትር ካንዴላ የሚሆነውን 3,800 ይሏችኋል። መከራከር የሚያውቅበት በ3,200 ይወስደዋል። ውስጡ ታፕ (ጥርስ ማውጫ)፣ ማስገቢያ ዘንግና ጥቂት የሽቦ ጥምዞች አሉ። ሄሊኮይል የሚባለው ዓይነት ነው። የተበላውን ቀዳዳ በሰፋ ታፕ አዲስ ጥርስ ታወጡለታላችሁ፣ ጥምዙን ታስገባላችሁ፣ ካንዴላው በጥምዙ ላይ ይታሰራል።

እኔ የማውቀው ባለቶርኖ ደግሞ መኪናው ላይ እንዳለ ለአንድ ቀዳዳ 2,500 ይጠይቃል። ልብ በሉ፣ ከኪቱ ያንሳል። «ኪቱ ግን ይቀርልኛል» የሚል አይጠፋም። ይቀርለታል። ግን በዕድሜው ስንት የካንዴላ ጥርስ ሊያስበላ አስቦ ነው?

ሰዉን የሚያስደነግጠው ሌላኛው ሂሳብ ነው። ጋራዥ ስትገቡ «ቴስታታው (ካንዴላዎቹ የሚታሰሩበት የሞተሩ የላይኛው ክፍል) መውረድ አለበት» ትባላላችሁ። አንድ ወዳጄ በቅርቡ የከፈለው ይኸውላችሁ፦ ማውረጃና መመለሻ የእጅ ዋጋ 6,000፣ ጓርኒሲዮን (ከቴስታታው ሥር የሚገባው ማሸጊያ) 2,800፣ ቶርኖ 1,500፣ ዘይት 3,600፣ የራዲያተር ውሃ 900። ድምሩ 14,800 ብር። የጓርኒሲዮኑና የዘይቱ ዋጋ ደግሞ ዛሬ የጠየቃችሁት ነገ አይጸናም። ይህን ቁጥር የሰማ ሰው ወደ ኪት ቢሮጥ አይፈረድበትም። ነገሩ ግን ወዳጄ ቴስታታውን ያወረደው መጀመሪያ በ3,200 ኪት ገዝቶ፣ ቤቱ ሞክሮ፣ ከከሸፈበት በኋላ ነው። 18,000 ብር ማለት ነው።

ኪቱን አምጥቶ አሳየኝ። ታፑ ላይ የአምራች ምልክት የሚባል ነገር የለም። ሞረድ ወስጄ ጠርዙን ነካ ሳደርገው በላው። በደንብ የጠነከረ ታፕ ላይ ሞረድ ይንሸራተታል እንጂ አይነክስም። ስትገዙ ይህን ሙከራ የሚፈቅድ ሻጭ ካገኛችሁ እሰየው፤ የሚቆጣ ከሆነ መልሱን አገኛችሁ። ጥምዞቹም አጫጭር ናቸው። የቀድሞ ኮሮላዎችና የብዙ ቶዮታ ካንዴላ የጥርሱ ቁመት 19 ሚሊሜትር ነው፣ የእሱ ጥምዞች ግን ግማሹን ቢሸፍኑ ነው። ካንዴላ ሙቀቱን ለቴስታታው የሚያስረክበው በጥርሱና በመቀመጫው በኩል ነው። በግማሽ ጥርስ የታሰረ ካንዴላ ከመፈናጠሩ በፊት ከልክ በላይ ይግላል፣ እሳቱ ያለጊዜው ይነሳል፣ ፒስተን ይጎዳል።

ደህና ኪት ቢሆንስ? እሺ፣ እንበል። በባለ 16 ቫልቭ ሞተር ካንዴላው ጉድጓድ ውስጥ ነው የተቀበረው። ታፑን ከላይ በማራዘሚያ ታዞራላችሁ እንጂ ቀጥ ብሎ መግባቱን ዓይናችሁ አያየውም። ትንሽ ካዘመመ የካንዴላው ቀለበት በአንድ ጎኑ ብቻ ይቀመጣል። ከዚያ ሞተሩ ሲነሳ ፍስ ፍስ የሚል ድምፅ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ጥቁር ጥላሸት፣ ጉልበት ማጣት። የጠመመ ቀዳዳ ደግሞ ለሁለተኛ ጥገና የሚተርፈው ሥጋ ትንሽ ነው። ታፑ አንዴ አስፍቶታል።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ፍቅፋቂው ነው። ታፑ የሚልጠው አሉሚኒየም የት ይወድቃል? ቀጥታ ፒስተኑ ላይ። «ታፑን ግራሶ ቀቡት፣ ይይዘዋል» ይባላል። እውነት ነው፣ አብዛኛውን ይይዛል። የቀረው ግን ቫልቭ ሥር ገብቶ መግጠም ይከለክለዋል፣ ወይም የሲሊንደሩን ግድግዳ ይቧጭራል። እኔ የምልካችሁ ባለቶርኖ ሲሠራ ቆሜ አይቻለሁ። ታፑን ጥቂት ያዞርና ያወጣዋል፣ በጨርቅ ይጠርገዋል፣ እንደገና ግራሶ ይሞላዋል፣ ይመልሰዋል። አይቸኩልም። ሲጨርስ ቀጭን ቱቦ አስገብቶ በኮምፕሬሰር ያስነፋል፣ ከዚያ ከስልኩ ጋር በተገናኘች ትንሽ ካሜራ የፒስተኑን አናት ያሳያችኋል። ያ 2,500 ብር ለጥርሱ ብቻ የተከፈለ አይደለም።

ደግሞ እሱ የሽቦ ጥምዝ አያስገባም። ከብረት በቶርኖ የላጠው፣ ላይኛው ጫፉ ከንፈር ያለው ድፍን ቡሺንግ (ጥርስ ያለው አጭር ቱቦ መሳይ ብረት) ነው የሚያስገባው። ከንፈሩ መቀመጫው ላይ ስለሚያርፍ ወደ ሲሊንደሩ አይሰምጥም፣ ካንዴላ ስትፈቱም ተከትሎ አይወጣም። ጥምዝ ግን ከካንዴላው ጋር ተጠምጥሞ ሲወጣ ስንቴ አይተናል። በውጭ አገር ታይም ሰርት የሚባለው ኪት በዚሁ በድፍን ቡሺንግ ነው የሚሠራው። አሜሪካ ያላችሁ፣ በተለይ የድሮውን ባለሁለት ቫልቭ የፎርድ ትራይተን ሞተር የምትነዱ፣ ይህን ስም ታውቁታላችሁ። ያ ሞተር ካንዴላ የሚይዝበት ጥርስ ጥቂት ስለነበር ካንዴላ በመትፋት ስሙ የጠፋ ነው። እናንተ ጋ የመካኒክ የሰዓት ዋጋ ሌላ ስለሆነ ኦሪጅናሉን ኪት ብትገዙ አልከራከራችሁም። መርካቶ ያለው ግን እሱ አይደለም።

ቶርኖ ቤት ሁሉ አንድ ነው እያልኩ አይደለም። አንድ ቦታ የተበላውን ጥርስ በብረት ማጣበቂያ ሞልተው፣ ካንዴላውን አስረው፣ ብር ተቀብለው የሸኙኝ አሉ። ሲሞቅ ለቀቀ። ስለዚህ ብር ሳትከፍሉ ጠይቁ፦ ቡሺንግ ነው ጥምዝ? ከንፈር አለው? ፍቅፋቂው እንዳይገባ ምን ታደርጋለህ? ለሦስተኛው «አታስብ ወንድሜ» ብቻ ከመለሰ መኪናችሁን አስነሱ። ቴስታታ የማውረድ ነገር የሚመጣው ሁለት ሦስት ቀዳዳ ከተበላ ወይም አንድ ሰው ቀድሞ አጣሞት ከሆነ ነው። ለአንድ ደህና ቀዳዳ ቴስታታ ይውረድ ካሏችሁ ሌላም ሰው አማክሩ።

ጥርሱ የሚበላውም በከንቱ ነው። ሶማሌ ተራ አካባቢ ኦሪጅናል ካንዴላ 1,800 ሲሉ ከጎኑ ያንኑ ካርቶን የለበሰ ቅጂ በ350 ታገኛላችሁ። የቅጂው ጥርስ ሻካራ ነው፣ አሉሚኒየሙን እየፋቀ ይገባል። ሞተሩ እንደጋለ ካንዴላ የሚፈታ መካኒክም አለ፤ አስቁሙት፣ ይቀዝቅዝ። ሲታሰር በቁልፍ አይጀመርም። በእጅ እስከ መጨረሻው ይግባ፣ ከዚያ አዲስ ቀለበት ካለው ከግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛ ዙር ይበቃዋል። ያገለገለ ካንዴላ ከሆነ ከዙሩ አንድ አሥራ ሁለተኛ ብቻ።

የመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ጥርሶች ብቻ ተጣመው ካንዴላ አልጀምር ካለ ደግሞ ኪትም ቶርኖም ሳያስፈልግ ይሆናል። ያረጀ ካንዴላ ወስዳችሁ ጥርሱን ከላይ ወደ ታች በመጋዝ ሁለት ሦስት ቦታ ሰንጥቁት፣ ግራሶ ቀቡት፣ በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ አስገቡ። የታጠፈውን ያቃናል። ጠንክሮ እንቢ ካለ ግን አታስገድዱ።

አሁን ያልኳችሁ ሁኔታ። የዘይት ማፍሰሻው ብሎን ጥርሱ ከተበላ ኪት ግዙ፣ ቤት ሥሩት። ቶዮታ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ባለ 12 ሚሊሜትር፣ እርከኑ (በጥርስና በጥርስ መካከል ያለው ርቀት) 1.25 ነው። ቀዳዳው ያለው ከታች ስለሆነ ፍቅፋቂው አብዛኛው ወደ ውጭ ይወድቃል፣ የቀረውን ትንሽ ዘይት አፍስሳችሁ ታጥቡታላችሁ። ብታበላሹት እንኳ የዘይት ገንዳው ተፈትቶ የሚቀየር ዕቃ ነው። አዲሱን ኪት ከመግዛታችሁ በፊት ግን ምናለሽ ተራ ዞር ዞር በሉ። ያገለገለ የፋብሪካ ታፕ በ400 እና በ500 ብር ይገኛል። ሞረድ ይዛችሁ ሂዱ።