አዲስ ካርድ ከመጠየቃችሁ በፊት፦ ለአንዲት የክሬዲት አማካሪ ምስጋናና ጥቆማ

ይህ ምስጋና እዚህ አሜሪካ ለትርፍ ባልቆመ የክሬዲት ምክር ድርጅት ውስጥ ለምትሠራ አንዲት እህታችን ነው። ስሟ እንዳይወጣ ስለጠየቀች አንጽፈውም። እኛ በሂሳብና በታክስ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ፖይንት (በግዢ መጠን የሚሰጥ ሽልማት) ያለው ክሬዲት ካርድ የሚፈልግ ሰው ሲያማክረን ወደ እሷ እንልካለን። "የትኛው ካርድ ይሻላል?" ስትባል የካርድ ስም አትጠራም፤ "ሪፖርታችሁን አይታችሁታል?" ብላ ትጠይቃለች። ብዙ ሰው አላየም።

የብድርና የክፍያ ታሪካችሁ የተመዘገበበት ይህ የክሬዲት ሪፖርት ደግሞ ነፃ ነው። በሕግ የተፈቀደው ድረ ገጽ አንዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም (AnnualCreditReport.com) ሲሆን፣ ታሪኩን የሚመዘግቡት የሦስቱ የክሬዲት ቢሮዎች፣ የኤክስፔሪያን፣ የኢኩፋክስና የትራንስዩኒየን፣ ሪፖርት በየሳምንቱ ያለ ክፍያ ይገኝበታል። ኢንተርኔት የማይመቸው በ1-877-322-8228 ይደውላል። የራስን ሪፖርት ማየት ስኮር (ከሪፖርቱ የሚሰላውን የክሬዲት ነጥብ) አይቀንስም፤ ይህን ፈርተው ለዓመታት ያላዩ ሰዎች አሉ።

እህታችን ሦስቱን አሳትማ ጎን ለጎን ትዘረጋቸዋለች። ዓይኗ መጀመሪያ የሚያርፈው ስም፣ አድራሻና የትውልድ ቀን የሰፈረበት ገጽ ላይ ነው። የእኛ ስም እዚህ አገር ጣጣ አለው። ገብረማርያም አንዱ ጋ አንድ ቃል ይሆናል፣ ሌላው ጋ "ገብረ" የመሃል ስም፣ "ማርያም" የቤተሰብ ስም ተደርጎ ይጻፋል። ወንድማማቾች በአባታቸው ስም ስለሚጠሩ የመጨረሻ ስማቸው አንድ ነው፤ አብረው ከኖሩ አድራሻቸውም አንድ ነው። የመጀመሪያ ስማቸውም ከተቀራረበ የአንዱ የመኪና ብድር የሌላው ፋይል ውስጥ ሊገባ ይችላል። ምልክቱ የማታውቁት አድራሻ ወይም ያልሠራችሁበት መሥሪያ ቤት ነው። ይህ ሳይጠራ ካርድ መጠየቅ በሌላ ሰው ዕዳ መመዘን ነው።

ስህተት ሲገኝ ስህተቱ ላለበት ቢሮ ደብዳቤ እንዲጻፍ ታደርጋለች፤ እኛም በዚህ እንስማማለን። ድረ ገጹ ላይ ያለው አጭር ምርጫ "የእኔ አይደለም" ብሎ ለማለፍ ይመቻል፣ ነገሩን ለማስረዳት ግን ቦታው ጠባብ ነው። ደብዳቤው የሚላከው መድረሱ በፊርማ በሚረጋገጥ ሰርቲፋይድ ፖስታ ነው። አብሮት የመታወቂያ ቅጂ፣ የአድራሻ ማስረጃ የሚሆን የመብራት ወይም የውሃ ቢል፣ ስህተቱ የተከበበበት የሪፖርት ገጽና ደጋፊ ማስረጃ ይገባል። ኦሪጅናል ሰነድ አይላክም። ለአንዱ ስህተት አንድ ግልጽ ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል። ተመሳሳዩ ደብዳቤ መረጃውን ለላከው ባንክም ይሄዳል፤ ይህን የሚረሳ ሰው የተሰረዘው ነገር ተመልሶ ሊመጣበት ይችላል። ቢሮው ለመመርመር 30 ቀን አለው፣ አንዳንድ ጊዜ 45። እውነተኛ ዕዳን "አላውቀውም" ማለት ግን ጊዜ ከማባከን አልፎ የትም አያደርስም፤ እህታችንም እንዲህ ያለውን ደብዳቤ አትነካውም።

ስኮሩን በቶሎ የሚያነሳው ሌላ ነገር ነው። እያንዳንዱ ካርድ ሁለት ቀን አለው፦ ስቴትመንቱ (የወሩ ሂሳብ) የሚዘጋበትና ክፍያው የሚጠበቅበት ዲዩ ዴት። አብዛኞቹ ባንኮች ለቢሮዎቹ የሚልኩት ስቴትመንቱ ሲዘጋ የነበረውን ባላንስ (ያልተከፈለ ዕዳ) ነው። ስለዚህ በየወሩ በዲዩ ዴቱ ሙሉውን የሚከፍል፣ አንዲት ሳንቲም ወለድ የማይነካው ሰው እንኳ ሪፖርቱ ላይ በዕዳ የተጨናነቀ ይመስላል። ሊሚቱ (የካርዱ ጣሪያ) 2,000 ዶላር ሆኖ በመዝጊያው ቀን 900 ቢኖርበት 45 በመቶ ተጠቅሟል ማለት ነው። ከመዝጊያው አራት አምስት ቀን ቀደም ብሎ 780 ቢከፍል 120 ይቀራል፣ 6 በመቶ። ወጪው ያው ነው፣ የተለወጠው የተከፈለበት ቀን ብቻ ነው። አራት አምስት ቀን የምንለው ክፍያው እስኪገባ ጊዜ ስለሚወስድ ነው።

"ከ30 በመቶ በታች" የሚባለው ምክር መጥፎ አይደለም፤ ከ10 በታች ግን ይበልጣል። ጠቅላላው ብቻ ሳይሆን የእያንዳንዱ ካርድም ይታያል። ሁሉም ካርድ ዜሮ ሆኖ ከሚታይ ደግሞ አንዱ ላይ ትንሽ ቢቀር ይሻላል። በብዛት የሚሠራበት የስኮር ስሌት፣ ፋይኮ 8፣ የሚያየው መጨረሻ የተላከውን ባላንስ ስለሆነ ያለፈው ወር 45 በመቶ ይረሳል።

ሁለቱን ቀኖች እህታችን በትንሽ ወረቀት ጽፋ ትሰጣለች፤ መዝጊያውን በቀይ፣ ዲዩ ዴቱን በሰማያዊ። ሰማያዊውን ኦቶፔይ (በራሱ የሚከፍለው ትእዛዝ) ይጠብቀዋል፣ ቀዩን የምትጠብቁት እናንተ ናችሁ። እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ አለ። ከመዝጊያው በፊት የተከፈለ ገንዘብ አዲስ ለሚወጣው ስቴትመንት ሚኒመም (የግድ መከፈል ላለበት ዝቅተኛ ክፍያ) አይቆጠርም። "ከፍያለሁ" ብሎ የተቀመጠ ሰው የቀረችውን 120 ሳይከፍል ዲዩ ዴቱ ካለፈ ቅጣት ይመጣበታል። 30 ቀን ከሞላው ሪፖርቱ ላይ ይሰፍርና እስከ 7 ዓመት ይቆያል። በፋይኮ ስሌት የክፍያ ታሪክ 35 በመቶ፣ የዕዳ መጠን 30 በመቶ ስለሚይዝ ትኩረቱ መጀመሪያ በእነዚህ ሁለቱ ላይ ቢሆን ይሻላል።

እቁብን ለዓመታት ሳያዛንፍ የጣለ ሰው እንኳ ከዚያ በሪፖርቱ ላይ አንዲት መስመር አያገኝም። አዲስ የመጣ ሰው ማስያዣ ገንዘብ በሚጠይቀው ሴኪዩርድ ካርድ ይጀምራል፤ የፋይኮ ስኮር ለመውጣት ቢያንስ 6 ወር የሞላው አንድ አካውንት ያስፈልጋል። ከዚያ በፊት የፖይንት ካርድ ማመልከት ክልከላን መጋበዝ ነው።

ስለ ኮሌክሽን (ለዕዳ ሰብሳቢ ስለተላለፈ ዕዳ) አጭር ነገር። የሕክምና ዕዳ ከ500 ዶላር በታች ከሆነ ወይም ከተከፈለ ሦስቱም ቢሮዎች ሪፖርት ላይ መኖር የለበትም፤ ካለ ይሰረዝ ብላችሁ ጻፉ። የቆየ ሌላ ዕዳ ላይ ግን በስልክ ተጣድፋችሁ "ትንሽ ልክፈል" አትበሉ፤ በብዙ ስቴቶች ትንሽ ክፍያ የክስ ጊዜ ገደቡን እንደ አዲስ ያስጀምረዋል።

"በ30 ቀን ክሬዲት እናጸዳለን" የሚሉትን ተጠንቀቁ። ከ1996 ጀምሮ ባለው የፌዴራል ሕግ የክሬዲት ጥገና ድርጅት ሥራውን ሳይጨርስ ገንዘብ መቀበል አይችልም፤ ውሉንም በ3 የሥራ ቀን ውስጥ መሰረዝ ትችላላችሁ። እናንተ ራሳችሁ በፖስታ ዋጋ ደብዳቤ ጽፋችሁ የማትሠሩት ነገር የላቸውም።

ሪፖርቱ ጠርቶ፣ ባላንሱ ዝቅ ብሎ ከተላከ በኋላ ነው ካርድ የሚመረጠው። መጀመሪያ በባንኩ ድረ ገጽ ላይ ስኮር የማይነካውን የቅድመ ብቃት ምርመራ ሞክሩ። ክሬዲታችሁን ፍሪዝ ካደረጋችሁ (አበዳሪ ሪፖርታችሁን እንዳያይ ካዘጋችሁ) አንሱት፤ ብዙ ማመልከቻ በዚህች ብቻ ይሰናከላል፤ ማንሳቱ ነፃ ነው፣ በኦንላይን ወይም በስልክ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይጠናቀቃል። በሳምንት ሦስት ካርድ መጠየቅ የቤት ብድር እንደማነጻጸር አይደለም፤ በአጭር ጊዜ ውስጥ የቀረቡ የቤት ብድር ጥያቄዎች እንደ አንድ ይቆጠራሉ፣ የመኪናም እንዲሁ፣ የካርድ ጥያቄ ግን እያንዳንዱ ለብቻው ነው። ሪፖርት ላይ 2 ዓመት ይቆያል፣ ፋይኮ የሚቆጥረው 12 ወር ነው። በቅርብ ቤት ልትገዙ ካሰባችሁ ካርዱ ይቆይ። አሮጌው ካርድ ዓመታዊ ክፍያ ከሌለው አትዝጉት፤ ከዘጋችሁት ሊሚቱ አብሮ ይሄድና የተጠቀማችሁበት በመቶኛ ይጨምራል።

ዓመታዊ ክፍያው 95 ዶላር ሆኖ በግሮሰሪ (በምግብ ሸቀጥ) ግዢ 3 በመቶ ተመላሽ የሚሰጥ ካርድና ያለ ክፍያ 2 በመቶ የሚሰጥ ካርድ ቢቀርብላችሁ፣ ልዩነቱ 1 በመቶ ነው። 95ቱን ለመመለስ ብቻ በዓመት 9,500 ዶላር ግሮሰሪ ይጠይቃል። በ24 በመቶ ወለድ 1,000 ዶላር ሳይከፍል ዓመት ሙሉ ከወር ወደ ወር የሚያዞር ሰው ወደ 240 ዶላር ይከፍላል፤ በዚያው 1,000 ላይ የሚያገኘው ሽልማት 20 ዶላር ነው። ባላንስ የሚያዞር ሰው ዝቅተኛ ወለድ ይፈልግ፣ ፖይንቱ ይቆየው።

የእኛ ሰው ልዩ ጉዳት አገር ቤት ገንዘብ መላክ ላይ ነው። በክሬዲት ካርድ የተላከ ገንዘብ ብዙ ጊዜ እንደ ካሽ አድቫንስ (ከካርዱ እንደተወሰደ ጥሬ ገንዘብ) ይያዛል፤ የራሱ ክፍያ አለው፣ ወለዱ ከዚያው ቀን ይጀምራል፣ ፖይንት አያስገኝም፣ ካርዱ አዲስ ሲወጣ ለሚሰጠው ቦነስ የሚጠየቀውን ወጪም አያሟላም። ሐዋላ በዴቢት ይሁን። ለጉዞ ካርዱን የምትፈልጉት ከሆነ ደግሞ በውጭ አገር ግብይት ላይ የሚጨመረው፣ ብዙ ጊዜ 3 በመቶ የሆነው ክፍያ የሌለበትን ምረጡ።

ከተከለከላችሁ የሚመጣውን ደብዳቤ አትጣሉ። ምክንያቱና የታየው ቢሮ ስም ተጽፎበታል፤ በ60 ቀን ውስጥ ከዚያ ቢሮ ነፃ ሪፖርት የመጠየቅ መብትም ይሰጣል። እህታችን ከማንኛውም ወረቀት በላይ የምትወደው ይህንን ነው፣ ምክንያቱም ግምት አያስፈልገውም።

ለትዕግሥቷ፣ በተለይም "ሁለት ወር ቆዩ" ለማለት ስለማታፍር፣ እግዜር ይስጥልን። እንደ እሷ ያለ አማካሪ የምትፈልጉ በናሽናል ፋውንዴሽን ፎር ክሬዲት ካውንስሊንግ ሥር ካሉ ድርጅቶች በ1-800-388-2227 መጠየቅ ትችላላችሁ፤ የመጀመሪያው ምክክር ብዙውን ጊዜ ነፃ ነው። የዕዳ አከፋፈል ፕላን ካቀረቡላችሁ ካርዶቻችሁ አብዛኛውን ጊዜ እንደሚዘጉና ፕላኑ ከ3 እስከ 5 ዓመት እንደሚሄድ አውቃችሁ ወስኑ። ስትሄዱ ሦስቱን ሪፖርት፣ የሁለት ወር ስቴትመንትና የደመወዝ ወረቀት ያዙ፤ ስትደውሉም አማርኛ ተናጋሪ ወይም አስተርጓሚ እንዳለ ጠይቁ።