«እማማ፣ በነጻ አይደለም፤ ከፍለዋል»

ይህን የምጽፈው በወረዳችን ጤና መድህን ጽህፈት ቤት ለምትሠራ አንዲት ልጅ ነው። ስሜን እንዳትጠሪ ስላለችኝ አልጠራም። የምሥራቅ ጎጃም ሰዎች፣ በተለይ የወረዳችን ልጆች፣ ማን እንደሆነች ወዲያው ይገባችኋል።

እናቴ ስኳር ከያዛት ሰባት ዓመት ሆኗታል። ባለፈው ክረምት እግሯ ላይ ትንሽ ቁስል ወጣባት። አልድን አለ። ከዚያ በኋላ የዞርንበትን ብዘረዝር አያልቅም፤ ቦታውንም ሰዎቹንም ልተዋቸው። «የጤና መድህን አለን» ስንል ፊታቸው ይቀየራል። «የመድህን ከሆናችሁ እዚያ ጋ ጠብቁ።» እዚያ ጋ ማለት ኮሪደሩ መጨረሻ፣ መቀመጫ የሌለበት። ብር የያዘ ሰው ከኋላችን መጥቶ ከፊታችን ይገባል። ተራችን ሲደርስ ደግሞ «ኢንሱሊን አልቋል፣ ከውጭ ግዙ»። ሦስት ጊዜ ከውጭ ገዛን። ደረሰኝ ስጠይቅ ሻጩ «ከፈለግሽ ግዥ፣ ካልፈለግሽ ተይው» አለኝ።

አንዱ ጋ ደግሞ ቁስሉ ለምን እንደማይድን ብጠይቅ «አንቺ ሐኪም ነሽ?» ተባልኩ። ልመልስለት አፌን ስከፍት እናቴ እጄን ያዘችኝ። «ተይ ልጀ፣ በነጻ እየታከሙ ክፉ መናገር ነውር ነው።»

በነጻ! መዋጮዋን ለመክፈል ሁለት ዶሮና ስንት ሳምንት ያጠራቀመችውን እንቁላል የሸጠች ሴት! አንጀቴን በላችው።

ሲመረኝ አቸፈር ያለው አጎቴ ጋ ደወልኩ። የደቡብ አቸፈር ሰው በዚህ ነገር የቆየ ነው። ማህበረሰብ አቀፍ የጤና መድህን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር አንዱ የእነሱ ወረዳ ነበር። አጎቴ የአባልነት መብቱን እንደ አቡነ ዘበሰማያት ይወጣዋል። «ወረዳ መድህን ቢሮ ሄዳችኋል?» አለኝ። አልሄድንም። እኔ ቢሮው ብር መሰብሰቢያ ብቻ ነበር የሚመስለኝ።

ሰኞ ጠዋት ሄድን። ጠባብ ክፍል ናት፣ ሰው ሞልቷታል። እናቴ አንድ እግሯን በጨርቅ ጠቅልላ በሩን ተደግፋ ቆመች። ልጅቷ ከመዝገቧ ቀና ስትል አየቻት። ምንም ሳትል ተነሥታ መጣችና ደግፋ ወስዳ የራሷ ወንበር ላይ አስቀመጠቻት። እሷ ቆማ መዝገቡን ግድግዳው ላይ አስደግፋ መጻፏን ቀጠለች። እናቴ አፈረች። «ተይ ልጀ፣ እኛ የነጻ ታካሚዎች ነን።»

ልጅቷ መጻፏን አቆመች። «እማማ፣ በነጻ አይደለም፤ ከፍለዋል» አለቻት። መዝገቡን መልሳ ገለጠችና ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «ይኸው ስምዎ። ይኸው የከፈሉት። መክፈል አቅቷቸው መንግሥት የከፈለላቸውም ቢሆኑ እኩል ነው የሚታከሙት። አንገትዎን እንዳይደፉ።» እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። የልጅቷ ጣት ያረፈበትን መስመር ግን ዝም ብላ ብዙ አየችው።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። መድኃኒት የለም ሲሏችሁ ማዘዣው ላይ «የለም» አስብላችሁ ማህተም አስመቱ አለችኝ። ከዚያ ከመድህኑ ጋር ውል ካለው መድኃኒት ቤት ውሰዱ፣ ካልሆነም በሕጋዊ ደረሰኝ ገዝታችሁ ደረሰኙን አምጡልኝ። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ታዩ፣ ከአቅሙ በላይ ከሆነ ሪፈር አጽፉ፤ ድንገተኛ ሲሆን ነው ቀጥታ የሚኬደው። በሽታው ምን እንደሆነና ምን ሊያደርጉላችሁ እንዳሰቡ ጠይቁ፤ መጠየቅ መብት ነው እንጂ ጥጋብ አይደለም። ይህን ሁሉ የነገረችኝ ከኋላችን ያለው ሰው እያጉረመረመ ነው። ለሱም ደግማ ነገረችው።

ያለ ደረሰኝ የገዛናቸውን ሦስቱን ግን ልትመልስልን አልቻለችም። «አልዋሻችሁም፣ ያ ቀልጧል» አለች። እንዲያውም ይበልጥ ያመንኳት ያኔ ነው። እናቴም በተራዋ ልቧ ሞላና «ጥርስስ ያስተክላል?» ብላ ጠየቀች። ቤቱ በሳቅ ሞላ። አያስተክልም፤ መነጽርም አይገዛም። እናቴ እስካሁን በዚህ ቅር ይላታል።

ከመውጣታችን በፊት ያ ያመናጨቁን ቦታ ደወለች። አልጮኸችም። «ነገ ጠዋት አንዲት እናት ይመጣሉ፤ እግራቸው ይታይ፤ የማትችሉት ከሆነ ሪፈር ጻፉላቸው» አለች፣ በቃ። በማግስቱ እዚያው ቦታ ያው ሰውዬ ወንበር ሳበልን። ሪፈር ተጽፎልን ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ታየች። እዚያ ስለ ስኳሩ ቁጥር ብዙ አስረዱኝ፤ «ወርዷል» ያሉኝን ብቻ ነው የያዝኩት። ቁስሉ ደርቋል። በኋላ በደረሰኝ የገዛነው 1,840 ብርም በሦስተኛው ሳምንት እጃችን ገባ።

እናቴ እንቁላል ቋጥራ ወሰደችላት። አልቀበልም አለች። እናቴም አልመልስም አለች። ሲጓተቱ አንዱ ተሰበረና ልጅቷ ወለሉን ስትወለውል እናቴ ሹልክ ብላ ወጣች።

እባካችሁ ወላጅ ያላችሁ፣ የመድህን ደብተሩን ሳጥን ውስጥ አትቆልፉት። ጊዜው ሳያልፍ አሳድሱ፤ ካላሳደሳችሁ አገልግሎቱ ይቋረጣል። ከተጉላላችሁም እንደኛ ወራት አትንከራተቱ፣ ወደዚች ልጅ ሂዱ። ሌላ ወረዳ ያላችሁም የራሳችሁን ቢሮ አንኳኩ። እግዜር ይስጥልኝ እህቴ፣ ወልደሽ ሳሚ፣ ክፉ አይንካሽ።

ወረዳው ግቢ ስትገቡ በግራ በኩል ሁለተኛው በር ነው። ጠዋት ሂዱ፤ ከሰዓት ቀበሌ ለቀበሌ ስለምትዞር አታገኟትም።