የደብራችንን ካርታ ላስጨረሰልን ቀያሽ ምስጋና

ትናንት የደብራችን የእድሳት ፈቃድ እጃችን ገባ። ሰባት ወር ተንከራተንበታል። የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ እኔ ነኝና ምስጋናውን መጻፍም የእኔ ድርሻ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ከጣሪያው ነው። እዚህ ሐረር ዝናቡ ሲበረታ ቆርቆሮው ያፈሳል፤ ውኃው በግድግዳው ሥዕሎች ላይ ይወርዳል። ምእመኑ ገንዘብ አዋጣ። ፈቃድ ስንጠይቅ «ካርታ አምጡ» ተባልን። ቤተ ክርስቲያኑ ከመቶ ዓመት በላይ ቆሟል፤ እጃችን ላይ ያለው ግን ጠርዙን ምስጥ የበላው አንድ ደብዳቤ ነው። አንዱ ቢሮ ፋይል የለም አለ። ሌላው ያንኛው ቢሮ ይጻፍላችሁ አለ። ቀብድ ተቀብሎ ስልኩን ያጠፋ ጉዳይ አስፈጻሚም ነበር። እሱን ለፈጣሪ ሰጥተነዋል።

ይህን ወንድማችንን የጠቆመችን አንዲት ምእመን ናት። መጀመሪያ የጠየቀን ወረቀት እንጂ ገንዘብ አይደለም። «ጋሼ፣ አይረባም ያላችሁትንም አምጡልኝ» አለኝ። የድሮ ደረሰኝ፣ የቀበሌ ደብዳቤ፣ ቃለ ጉባኤ፣ ያለንን ሁሉ ወሰድንለት። በዓመተ ምሕረት ደረደረው። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47/1967 ሲወጣ የደብሩ የኪራይ ቤቶች ተወርሰዋል። ዕለቱ ሐምሌ 19፣ የቁልቢ ገብርኤል ነበር፤ አባቶቻችን ዛሬም ያነሱታል። እሱ ይህን ሲሰማ የት እንደሚፈልግ ገባው። መዝገብ ቤት ሦስት ቀን ተመላለሰ። ፋይላችን ከተወረሱት ቤቶች ማኅደር ጋር አብሮ ታስሮ ተገኘ!

ከዚያ ልኬት ሆነ። እዚህ ላይ ነው ሰውዬውን ያወቅነው። በምሥራቅ በኩል ያለው አጥራችን ወደ ጎረቤት አንድ ሜትር ተኩል ያህል ገብቷል። ከኮሚቴው አንዳንዶቻችን፣ እኔም ጭምር፣ «አጥሩ ባለበት ይለካ» አልን። እሱ እንቢ አለ። «የእናንተ ያልሆነውን ካስገባን የእናንተ የሆነውም ክርክር ይነሳበታል» አለን። መምሬ ቀና ብለው አዩትና «ልክ ነህ ልጄ» አሉ። በሳምንቱ አጥሩን ወደ ኋላ መለስን። ጎረቤታችን የወሰን ስምምነቱን ያለ አንዳች ክርክር ፈረሙ። ለዓመታት ሰላምታ እንኳ አልነበረንም። አሁን አለን።

ሌላም ጣጣ ነበር። የከተማው ፕላን መካነ መቃብራችንን መኖሪያ ብሎታል። ይህ ሳይስተካከል የፕላን ስምምነት አይሰጥም። የልኬቱን ንድፍ፣ ፎቶና የቆዩትን ደብዳቤዎች አያይዞ ማመልከቻውን ጻፈልን፤ ተስተካከለ።

ጀጎል በ1998 በዓለም ቅርስነት ስለተመዘገበ የቅርስ ጉዳይ ከግንቡ ውስጥ ላሉት ብቻ ይመስለን ነበር። እኛ ከግንቡ ውጭ ነን። እሱ ግን አዋጅ ቁጥር 209/1992ን አምጥቶ አስነበበን፤ ቅርስ የሆነ ሕንፃ ያለ ፈቃድ አይታደስም። የግንባታ ፈቃድ ብቻ ይዘን ጀምረን ቢሆን ሥራው መሃል ላይ ይቆም ነበር። አሁን ድንጋዩና የኖራ ልስኑ እንዳሉ ሆነው የሚቀየረው ቆርቆሮውና የበሰበሰው እንጨት ነው።

ክፍያውን በውል ጽፎ፣ ደረሰኝ ሰጥቶ ነው የተቀበለው። ቤተ መቅደሱን ለመለካት ሲገባ ጫማውን ያወለቀው ማንም ሳይነግረው ነው። እሱ ሙስሊም ነው።

ካርታ ያልወጣለት ደብር፣ መስጊድ ወይም የአያት ቤት ካላችሁ እሱን አነጋግሩ። ከመሄዳችሁ በፊት ያላችሁን ወረቀት ሁሉ ኮፒ አድርጉ፤ ዋናውን ለማንም አትስጡ፣ ለእሱም ቢሆን። እሱ ራሱ የሚጠይቀው ኮፒ ነው። ስልኩን ለሚፈልግ በውስጥ መስመር እልካለሁ። ዓርብ ቀትር ላይ ብቻ አትደውሉለት፤ ጁምዓ ላይ ነው።